ለኤልክ የትኛው ጥይት? ከ338 እስከ 375 ያሉትን አመራረጥ

የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃዬን ስገዛ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ትልቁ የቱ ነው?» ሻጩ 338 ዊንቸስተር ማግነም አወጣልኝ። «በዚህ የአላስካ ድብም ይወድቃል» አለኝ። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። የማድነውም ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ነው። ከአላስካ ድብ ጋር ምንም ጠብ እንደሌለኝ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት የአደን ወቅትና አንድ የበለዘ ትከሻ ፈጀብኝ።

አሁን በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ ስልኬ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ኤልክ ልወጣ ነው። ምን ልግዛ?» ይላል አንዱ። ይህ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ከመጀመሬ በፊት መግባቢያ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 338 ስል የአረሩ ውፍረት 0.338 ኢንች ነው ማለቴ ነው፤ 9.3 ስል ግን በሚሊሜትር ነው። ነጥቡን ሁሉም ሰው ስለሚተወው እኔም ትቼዋለሁ። ጥይት የምለው ሙሉውን ነው። ቀለሃ ባሩዱን የያዘው ናስ ነው። አረር ደግሞ በአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው። ግሬይን የአረር መመዘኛ ነው፤ 250 ግሬይን 16 ግራም ይሆናል። መካከለኛ አፈሙዝ የሚባለው በግምት ከ338 እስከ 375 ያለው ነው። በሚሊሜትር ከ8.6 እስከ 9.5 መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት የዝሆንና የጎሽ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ኤልክ ለመጣል መካከለኛ አፈሙዝ ግዴታ አይደለም። የኮሎራዶ ደንብ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊሜትር አፈሙዝ፣ ቢያንስ 85 ግሬይን የሆነ ሲመታ ጫፉ የሚሰፋ አረር፣ እና በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ነው። ሻጮች «ሰርቲ ኦት ሲክስ» የሚሉት 30-06 ባለ 180 ግሬይን አረሩን ሲተፋ ከአፈሙዙ ላይ ወደ 2,900 ፉት-ፓውንድ ይዞ ይወጣል። እሱ ካላችሁና በደንብ የምትተኩሱበት ከሆነ ገንዘባችሁን ለቤንዚን አስቀምጡት።

ታዲያ መካከለኛው ለምን? ወፍራምና ከባድ አረር እንስሳው ዞር ብሎ በቆመ ጊዜ የወርች አጥንት ሰብሮ ሳንባ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ በስቶ ያልፋል። በስቶ ሲያልፍ ደም ይፈሳል። ደም ካለ ደግሞ ጥድ ውስጥ የገባ ኤልክ ይገኛል። ሌላው ጥቅም ሥጋው ላይ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ከባድ አረር በጣም ከሚፈጥን ቀላል አረር ያነሰ ሥጋ ያበላሻል።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ካርድ ሳይኖረው ፈቃድ አይገዛም። ትምህርቱ ከባድ አይደለም። ግን ወቅቱ ሲቃረብ ቦታ ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም በቪዛ ያለ ሰው ግን ጠበቃውን ሳይጠይቅ ሱቅ አይግባ። ይህን በቀልድ አትዩት፤ አንድ የተሳሳተ ፎርም የመኖሪያ ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ይችላል። ከ2023 ጥቅምት ወዲህ ደግሞ ከፍላችሁ ጠመንጃውን እስክትረከቡ ቢያንስ ሦስት ቀን ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ዓርብ ገዝቼ ቅዳሜ ተራራ ላይ ነኝ የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ርቀት ለኩ

አብዛኛው ሰው ጥይት የሚመርጠው በ400 ያርድ ላይ ምን እንደሚያደርግ እያነበበ ነው። እሱ ራሱ ግን በ400 ያርድ መኪናም አይመታም።

ነጭ የወረቀት ሳህን ውሰዱ፤ ልደት ላይ ኬክ የሚቀርብበትን። ስፋቱ 9 ኢንች ገደማ ነው። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚያ ይሰፋል፤ ለስህተት ትንሽ ቦታ ቀረላችሁ ማለት ነው። ሳህኑን በ100 ያርድ ላይ ስቀሉት። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ አትተኩሱ። ተራራ ላይ ጠረጴዛ የለም። መሬት ላይ ተቀመጡና ጠመንጃውን ቦርሳ ወይም ዱላ ላይ አሳርፉ። አምስት ጥይት። አምስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ ወደ 150 ሂዱ። ከዚያ 200። ከዚያ 250። አንዲት እንኳ ስትወጣ እዚያው አቁሙ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። የእናንተ ርቀት እሱ ነው።

የእኔ 250 ነው። ሲነፍስ 200። ተራራውን ሮጬ ወጥቼ ልቤ ሲመታ ከ150 ካለፈ አልተኩስም።

ይህ ቁጥር ከጥይት ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? ሁሉንም ነገር። ቁጥራችሁ ከ250 በታች ከሆነ ከዚህ በታች የማነሳቸው አራቱም ጥይቶች ያለ ችግር ይሠራሉ። ስለ ፍጥነት የሚወራው ወሬ አይመለከታችሁም። በእውነት 350 ላይ ሳህኑን የምትመቱ ከሆነ ግን 338 ሊያዋጣችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ትከሻችሁን ጠይቁ

እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ። ገንዘቤን ያቃጠልኩት እዚህ ነው።

በ338ቱ መጀመሪያ ላይ ጥሩ እተኩስ ነበር። ከዚያ በየሳምንቱ እየባሰብኝ መጣ። ጠመንጃው ላይ ያለውን የማነጣጠሪያ መነጽር ወቀስኩ። ጥይቱን ቀየርኩ። ለመነጽሩ አዲስ ማሠሪያ ገዛሁ። አንድ ቀን አንድ አገር ቤት ወታደር የነበሩ ጋሼ ተኩስ ሜዳ አብረውኝ መጡ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አምጣው፣ እኔ ላጉርስልህ» አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተው አጎረሱና ሰጡኝ። አነጣጠርኩ። ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ! ባዶ ነው። አፈሙዙ ግን መሬት ሊስም ደረሰ። ዐይኔም ተጨፍኗል።

«አንተ ልጅ፣ ጥይት የለውም እኮ! ማንን ነው የምትሸሸው?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልታወቀኝም።»

«እሱማ አይታወቅም። ትከሻህ ነው የሚያውቀው።»

እኔ ሳላውቀው ሰውነቴ ምቱን እየጠበቀ ቀድሞ ይሸሽ ነበር። እናንተም እንዲህ ፈትሹ። አንድ ሰው እውነተኛውን ጥይትና ለልምምድ የሚሸጠውን ባዶ ጥይት እያደባለቀ ያጉርስላችሁ። የትኛው እንደገባ አትዩ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው እንደዞረ ይሁን። ባዶው ሲደርሳችሁ ጠመንጃው ጸጥ ብሎ ከቆመ ጥይቱ ለእናንተ ይሆናል። ከአምስቱ ሁለቴ ካፈነገጠ ጥይቱ በዝቶባችኋል፤ ቢያንስ ለአሁኑ።

ግምቱን በቁጥር ልስጣችሁ። ከ8 እስከ 9 ፓውንድ በሚመዝን ጠመንጃ 30-06 ትከሻን የሚመታው ወደ 20 ፉት-ፓውንድ በሆነ ጉልበት ነው። 35 ዊለን ወደ 26። 9.3×62 ወደ 30። 338 ወደ 33። 375 ወደ 37። በ20 እና በ33 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። አሥረኛው ጥይት ላይ ግን ትለዩታላችሁ።

አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ብሬክ አለ። ምቱን በደንብ ይቀንሳል። ድምፁ ግን አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ጆሮ ይበጥሳል። እኔ አልወደውም። የምትጠቀሙ ከሆነ ተራራ ላይም የጆሮ መከላከያ አድርጉ፤ ለጓደኛችሁም ንገሩት።

መነጽሩንም አትርሱ። ዐይን ከመነጽሩ ቢያንስ 3 ተኩል ኢንች መራቅ አለበት። ሽቅብ ሲተኮስ ፊት ወደ መነጽሩ ይጠጋል። 338 ሲገፋው ቅንድብ ይሰነጥቃል። የእኔን ግራ ቅንድብ... ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

ደረጃ 4፦ አራቱን አሰልፏቸው

ሌሎችም አሉ። እኔ ግን ደጋግሜ ያየኋቸውን አራቱን ብቻ አነሳለሁ።

35 ዊለን። በ1922 የ30-06ን ቀለሃ ወስደው አንገቱን አሰፉትና ተወለደ። ስሙ የኮሎኔል ታውንሰንድ ዊለን ነው፤ የአሜሪካ ጦር መኮንንና ስለ ጠመንጃ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የሚገርመው፣ ፋብሪካ ያወቀው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ሬሚንግተን በ1988 ገበያ ላይ እስኪያወጣው ድረስ ጥይቱን ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች ብቻ ነበሩ የሚተኩሱት። ባለ 250 ግሬይን አረሩ በሰከንድ 2,400 ፉት ይሄዳል። ጉልበቱ ወደ 3,200 ፉት-ፓውንድ ነው። ከአራቱ በትከሻ ላይ ለስላሳው ይኸው ነው። ጠመንጃውም ቀላል ይሆናል። 10,000 ጫማ ከፍታ ላይ እየተነፈሰ ለሚወጣ ሰው አንድ ፓውንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውነታችሁ ቀጠን ያለ ከሆነ ወይም አደን ገና የምትጀምሩ ከሆነ ከዚህ ተነሡ።

9.3×62። በ1905 ኦቶ ቦክ የሚባል የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ነው የሠራው። አፍሪካ ለነበሩ የጀርመን ሰፋሪዎችና አዳኞች አስቦ ነው። ብልሃቱ ምኑ ላይ ነው? ተራ ማውዘር 98 ውስጥ እንዲገባ አድርጎ መለካቱ ላይ። ውድ የእንግሊዝ ጠመንጃ መግዛት የማይችል ገበሬ በርካሽ ማውዘር ትልቅ እንስሳ መጣል ቻለ። ባለ 286 ግሬይን አረር፣ በሰከንድ 2,360 ፉት፣ ጉልበቱ 3,500 አካባቢ። ስዊድኖች ዛሬም ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ያድኑበታል።

ጋሼ የእኔን 9.3 መጀመሪያ ሲያዩት መቀርቀሪያውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። «ይኼማ ቤልጅግ ነው!» አሉ። አልተሳሳቱም። በ1930ዎቹ ከቤልጅየም ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ጠመንጃዎችም የማውዘር ዘር ናቸው። ሁለት ጥፍር ያለው መቀርቀሪያ፣ ቀለሃውን ከጀርባው አንቆ የሚያወጣው ሰፊ መንጠቆ፣ ሁሉም ያው ነው። አፈሙዙ ብቻ ሰፋ።

እኔ የቀረሁት በዚህ ነው። ምቱ ከ338 ብዙ አያንስም፤ ግን ይገፋል እንጂ አይቀጠቅጥም። ይህን በቁጥር ላስረዳችሁ አልችልም። ተኩሳችሁ እዩት።

338 ዊንቸስተር ማግነም። በ1958 ወጣ። የ375ን ቀለሃ አሳጥረው፣ አንገቱን አጥብበው ነው የሠሩት። ለዚህ ነው ቂጡ ላይ እንደ ቀበቶ ያለ ክብ ያለው። የመጀመሪያው ጠመንጃ ስም ራሱ «አላስካን» ነበር፤ ለማን እንደታሰበ ስሙ ይናገራል። ባለ 225 ግሬይን አረር በ2,800 ፉት፣ ባለ 250 ደግሞ በ2,650 ይሄዳል። የኋለኛው ጉልበት 3,900 ይደርሳል። ጠመንጃውን በ200 ያርድ ላይ ካስተካከላችሁት ባለ 225ቱ በ300 ያርድ ላይ የሚወርደው ወደ 8 ኢንች፣ አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ሁለቱ ቀርፋፎች ከባድ አረራቸውን ይዘው ከ10 እስከ 12 ኢንች ይወርዳሉ። እንግዲህ 338ን የምትገዙት ለዚህች ልዩነት ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ የምታድኑና ትከሻችሁ የጨከነ ከሆነ የሚያህለው የለም። እኔ ስለሸጥኩት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። መጥፎው ተኳሹ ነበር።

375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ። በ1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ባለ 300 ግሬይን አረር፣ በሰከንድ 2,530 ፉት፣ ጉልበቱ 4,200 ያልፋል። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ አፈሙዝ ይኸው ነው። ጥይቱ ረጅም ስለሆነ ጠመንጃው ረጅም መቀርቀሪያ ይፈልጋል። ከባድም ነው። ለኤልክ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። አንድ ቀን ታንዛኒያ ጎሽ ላድን ነው የሚል ሕልም ያለው ሰው ግን አሁን ገዝቶ ኤልክ ላይ ቢለማመድበት አልፈርድበትም።

ስሞቹ እንዳያሳስቷችሁ። 338 ዊንቸስተር፣ 338 ፌዴራልና 338 ላፑዋ ሦስት የተለያዩ ጥይቶች ናቸው። 9.3×62፣ 9.3×64 እና 9.3×74 እንዲሁ። 375 ሩገርና 375 ሆላንድም አንድ አይደሉም። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አገናዝቡ። «ገባ እኮ» ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። የተሳሳተ ጥይት ጠመንጃውን ፊታችሁ ላይ ያፈነዳዋል።

ደረጃ 5፦ አረሩን ምረጡ

ሰው ሁሉ ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ አፈሙዝ ስፋት፣ ይከራከራል። እንስሳውን የሚነካው ግን አረሩ ነው።

በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ ካናዳ ውስጥ ሙስ ሊያድን ወጣ። የያዘው ኃይለኛ ማግነም ነው። ሙሱ ጭቃ የለበሰ ነበር። አረሮቹ ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ላይ ላዩን ተፈረካከሱ። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ መሃሉ ላይ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ ክፍል ሲመታ ይሰፋል፤ የኋላው እንዳለ ይቀጥላል። በ1948 መሸጥ ጀመረ። ኖስለር ፓርቲሽን ይባላል፤ ዛሬም ይሸጣል።

በግምት ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ተራው እርሳስ በስስ መዳብ የተሸፈነ ነው። ርካሽ ነው፤ ለልምምድ ይሁናችሁ። ሁለተኛው እርሳሱ ከመዳቡ ጋር የተጣበቀ ወይም እንደ ፓርቲሽን የተከፈለ ነው። ለኤልክ ይህ ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛው እርሳስ የሌለበት ሙሉ መዳብ ነው። ስለማይፈረካከስ ቀለል ያለውን ብትወስዱም ይዘልቃል። በ338 ከ250 ይልቅ 200 ወይም 210 ግሬይን መዳብ ወስዳችሁ ትከሻችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ።

እኔ ወደ መዳብ የዞርኩት በሆድ ነው። የእርሳስ ፍንጣሪ ዐይን የማያየው ቅንጣት ሆኖ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ልጆች ላሉበት ቤት ይህን ይዤ አልገባም። እርሳስ ከተጠቀማችሁ ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳትሳሱ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ሥጋን ካነሳን አይቀር፣ ጥሬ የምትሉትን እርሱት። ክትፎም ቢሆን በደንብ ይብሰል። የዱር ሥጋ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ የአጋዘኖችንና የኤልኮችን አንጎል የሚበላ ከ1967 ጀምሮ የሚታወቅ በሽታ አለ። ይህኛው በማብሰልም አይጠፋም። ናሙናውን አስመርምሩ፤ አለበት ከተባላችሁ ሥጋውን አትብሉት። እትዬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት። «በክት አይደለም እንዴ? ማን ባረከው?» ትለኛለች። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው፣ ቢላዬን ሳነሳም በስመ አብ ብያለሁ አልኳት። አሁንም አልበላችም። ከካህን ጋር ጨርሱት።

ደረጃ 6፦ ጥይቱ ይገኛል ወይ?

ጠመንጃውን ሳትገዙ በፊት ስልካችሁን አንሡና ወደምታድኑበት ከተማ ሱቅ ደውሉ። «ይህ ጥይት አላችሁ?» በሉ። 30-06 ይኖራቸዋል። 338ም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። 35 ዊለን እንደ ዕድላችሁ ነው። 375 ካለም ውድ ነው። 9.3×62 ሲሉ ሻጩ «ምን?» ሊላችሁ ይችላል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ዓመት አራት ሰዓት ነድተን ካምፕ ደረስን። ድንኳን ተተከለ። ቡና ተፈላ። ቦርሳዬን ስከፍት ጥይቱ የለም። ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ትቼዋለሁ። በነጋታው ከተማው ያለው ብቸኛ ሱቅ ሄድኩ። መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥይት ነው። የእኔ የለም። የመጀመሪያውን ቀን ሽሮ ስሠራና ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ። ከጓደኞቼ አንዱ 338 ይዞ ወጣ። እኔ የሸጥኩት ዓይነት!

ስለዚህ ብዙም የማይገኝ ጥይት ከመረጣችሁ ለሁለት ዓመት የሚበቃ አንዴ ግዙ። ካርቶኖቹ ላይ የምርት ቁጥር አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው፤ ምርቱ ሲቀየር ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊቀየር ይችላል። ግማሹን መኪና ውስጥ፣ ግማሹን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ቤት ልጅ ካለ ጠመንጃው ተቆልፎ ይቀመጥ። ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ በሕግ ደንግጋዋለች። ባትደነግግም።

ደረጃ 7፦ ኢላማውን አስተካክሉ

መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ ጀምሩ፤ ቢያንስ ወረቀቱን ትመታላችሁ። ከዚያ 100። ለ35 ዊለንና ለ9.3 ከባድ አረር ጥይቱ በ100 ያርድ ላይ ከመሃል 2 ተኩል ኢንች ከፍ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉ። ለ338 ባለ 225 ግሬይን 2 ኢንች ይበቃል። 200 ያርድ አካባቢ መሃል ላይ ይመጣላችኋል። ከዚያ ግን የግድ 200 ላይ ሄዳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። የእኔን ቁጥር አትመኑ። የእናንተ አፈሙዝ የራሱ ጠባይ አለው።

ሦስት ተኩሱ፣ አፈሙዙ ይቀዝቅዝ፣ ውኃ ጠጡ፣ እንደገና ሦስት። በአንድ ቀን ከ15 በላይ አትተኩሱ። ከዚያ በላይ የምትለማመዱት መሸሽን ነው። የቀረውን ጊዜ 22 በሚባለው ትንሽ ጠመንጃ ተለማመዱ። ርካሽ ነው፣ አይመታም፣ ጣትና ትንፋሽ ያስተምራል።

ካምፕ ስትደርሱ በተፈቀደ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ተኩሱ። መነጽሩ በመንገድ ላይ ተንገጫግጮ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ቀኑ ሲደርስ

ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልበሱ፤ ኮፍያውም ጭምር። ከመኪና ሳትወርዱ ጥይት አታጉርሱ።

ኤልኩ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከወርቹ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ከፍ ብላችሁ አነጣጥሩ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደውን አትተኩሱ። በ375ም ቢሆን አትተኩሱ። ትልቅ አፈሙዝ መጥፎ ምርጫን አያርምም።

ከተኮሳችሁ በኋላ መነጽሩን ከዐይናችሁ አታንሡ። ወዲያው ሌላ አጉርሱ። አሁንም ከቆመ ድገሙት። ኤልክ ልቡ ተመትቶም ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ «ሳትኩት» ብላችሁ አትሂዱ። ከዐይናችሁ ከተሰወረ የቆመበትን ቦታ በአንድ ዛፍ ምልክት ያዙና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከባድ ነው፤ ግን ጠብቁ። ወዲያው ካባረራችሁት ተነሥቶ ገደል ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ በጀርባ የሚሸከመው ሰው እናንተ ናችሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ቀረች። በአንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ላይ የራሳችሁን ቁጥሮች ጻፉና ሰደፉ ላይ ለጥፉት። የእኔ ላይ «100፣ 2 ተኩል ላይ። 200፣ መሃል። 250፣ ግማሽ ስንዝር» ይላል። ከሥሩ በጋሼ እጅ «ዐይንህን ግለጥ» ተብሎ ተጽፎበታል።